የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ዘመን፦ ቁጥር ያላገኘ ፊደል ታሪክና ዕዳው

(ለፋኩልቲው ተማሪዎችና መምህራን በተዘጋጀ ሕዝባዊ የትምህርት መድረክ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት የተደረገበት።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ኮምፒውተር ቁጥርንና ጽሑፍን በምን መልክ እንደሚይዝ ነው። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የአንደኛ ዓመት ትምህርት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጉዳዩን በታሪክ መነጽር እንድንመለከተው እጠይቃለሁ። አንድ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የሚወከልበት ቁጥር ከተፈጥሮ የተገኘ አይደለም፤ ሰዎች ተከራክረውና ተስማምተው የሰጡት ነው። ስምምነት ደግሞ ቀን አለው፤ በስብሰባው የተገኘም የቀረም አለ። የግዕዝ ፊደል ወደዚህ ስምምነት የገባው ዘግይቶ ነው። የመዘግየቱን ዕዳ እስከ ዛሬ እየከፈልን እንደሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በቅርባችን ካለ ጉዳይ ልነሣ። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚካሄደው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሥራው በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖሩ ሰዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት እየዞሩ መመዝገብ ነው። ያንን ዓመት ልብ በሉልኝ። የዳባት ነዋሪ በዚህ ሥርዓት መቆጠር በጀመረበት ዓመት፣ በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ «ዳ» የምትባለው ፊደል ቁጥር አልነበራትም። ሰዎቹ ተቆጥረዋል፤ ስማቸው የሚጻፍበት ፊደል ግን ገና አልተቆጠረም ነበር።

ብዛት፣ አኀዝና ምልክት

በመጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ኮምፒውተር ሁለት ሁኔታዎችን ብቻ ይለያል፤ እነርሱንም 0 እና 1 ብለን እንጽፋቸዋለን። አንዱ ቦታ ቢት ይባላል፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል። አንድ ባይት 256 ልዩ ልዩ ቅንብሮችን ይይዛል። ቁጥርም ሆነ ጽሑፍ፣ ሥዕልም ሆነ ድምፅ በእነዚህ ቅንብሮች ተተርጉሞ ይቀመጣል።

ዘጠኝን ለምሳሌ እንውሰድ። እረኛው በጎቹን ቆጥሮ ዘጠኝ ቢላቸው፣ ይህ ብዛት በሁለትዮሽ ስሌት 1001 ተብሎ ይያዛል፤ ማለትም አንድ ስምንት፣ ምንም አራት፣ ምንም ሁለት፣ አንድ አንድ። በገጽ ላይ የምንጽፈው «9» ግን ጽሑፍ ነው፤ አስኪ በሚባለው የኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጥሩ 57 ነው። በግዕዝ የምንጽፈው «፱» ደግሞ በዩኒኮድ 4977 ነው። እንግዲህ በአንደበታችን አንድ የሆነው ዘጠኝ በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት የተለያየ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ልዩነቱ የንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥር በሠንጠረዥ መሥሪያ ሶፍትዌር እንደ ብዛት ከገባ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል። ለብዛት ከፊት ያለ ዜሮ ትርጉም የለውምና ነው። የስልክ ቁጥር በስሙ ቁጥር ይባል እንጂ አይደመርም፣ አይባዛም፤ በባሕርዩ ጽሑፍ ነው። መረጃን በትክክለኛው ዓይነት መያዝ ማለት ይህን መለየት ነው።

የግዕዝ አኀዝ ለዚህ ውይይት የራሱን ትምህርት ያበረክታል። የምልክቶቹ ቅርጽ ከግሪክ ፊደላት የመጣ ነው፤ ዜሮም የለውም። 2017ን ፳፻፲፯ ብለን ስንጽፍ «ሃያ መቶ ዐሥራ ሰባት» ማለታችን ነው። 1999ም ፲፱፻፺፱ ይሆናል። ሥርዓቱን ስንመረምረው ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አኀዝ እያደረገ ይከፍላል፤ በየክፍሉ መካከልም ፻ እና ፼ን እያፈራረቀ ያስገባል። ስለዚህ የግዕዝ አቈጣጠር መሠረቱን በመቶ ላይ ያደረገ ሥርዓት ነው ብንል አንሳሳትም። ዛሬ የድረ ገጽ ማሳያ ሶፍትዌሮች ተራ ቁጥርን በግዕዝ ሲያወጡ የሚከተሉት ሕግ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ዩኒኮድ የግዕዝ አኀዞችን ከዐሥርዮሽ አኀዝ ክፍል አልመደባቸውም። ቦታን ጠብቀው ዋጋ የሚለዋውጡ አይደሉምና ምደባው ትክክል ነው። ውጤቱ ግን ተራ የስሌት ፕሮግራም ፳፻፲፯ን አይቶ 2017 መሆኑን በራሱ አለማወቁ ነው፤ ይህን የሚተረጉም ሥራ በሰው መጻፍ አለበት።

ከማተሚያ እስከ ጽሕፈት መኪና

ፊደላችን ከመሣሪያ ጋር የተገናኘው በኮምፒውተር ዘመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከተማ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ለማተሚያ ቤት የፊደሉ ብዛት ወጪን ይጨምራል እንጂ ሥራውን አያግደውም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የብረት ቅርጽ መሥራት ይበቃል። በአገራችንም በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በዚህ መንገድ ብዙ መጻሕፍትንና ጋዜጦችን አትሟል።

ጽሕፈት መኪና ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት ብናባዛ 231 እናገኛለን፤ ዲቃሎቹ፣ አኀዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሳይቈጠሩ ማለት ነው። የመኪናው ቁልፎች ግን ከሃምሳ አይበልጡም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ፈር ቀዳጆች የገጠማቸው ችግር ይህ ነበር። መፍትሔውም ፊደልን መቀጣጠል ሆነ። መሠረታዊው ቅርጽ ይመታል፤ ከዚያም የካዕቡ፣ የሣልሱ ወይም የኃምሱ ቅጥያ በላዩ ይጨመራል። በዚያ መኪና የተጻፉ ደብዳቤዎችን ያያችሁ የፊደሉ መልክ ምን ያህል እንደተጐሳቈለ ታስታውሳላችሁ። ፊደሉ በዝቷልና ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚለው ክርክርም ካገኛቸው ደጋፊ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመሣሪያ ጥበት ነው። በጊዜው የተጠየቀው ፊደሉ ለመኪናው እንዲመች እንጂ መኪናው ለፊደሉ እንዲመች አልነበረም።

መልክ ያለው፣ ቁጥር የሌለው

አስኪ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣ መለኪያ ነው። በሰባት ቢት 128 ቦታዎች አሉት። ከእነዚህ 33ቱ ለመቆጣጠሪያ ትእዛዞች የተተዉ ሲሆኑ፣ የቀሩት 95ቱ ለእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለአኀዞችና ለነጥቦች ይበቃሉ። ሰባቱ ቢት ወደ ስምንት ሲሰፋ የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ተጨማሪ ምልክቶቻቸውን አስገቡ። ለእኛ 256 ቦታም ቢሆን ጠባብ ነበር።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይህን ጥበት በየፊናቸው ለማለፍ ሞከሩ። በአሜሪካ አቶ ፍስሐ አጥላው የዚህን አካባቢ ታላቅ ተራራ ስም በሰጡት በዳሸን ኢንጂነሪንግ፣ ዶክተር አበራ ሞላም በራሳቸው ጥረት ግዕዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ሥራዎችን አቀረቡ። በአገር ቤትም በኋላ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች በየመሥሪያ ቤቱ ተሠራጩ። የአማርኛ ጋዜጣ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የምርምር ጽሑፍ በኮምፒውተር ሊዘጋጅ የቻለው በእነዚህ ሰዎች ድካም ነው፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ዘዴው ግን በሚገባ ሊታወቅ የሚገባው ባሕርይ ነበረው። ለግዕዝ የተመደበ ቁጥር ስላልነበረ ፕሮግራሞቹ የላቲኑን ቁጥሮች ተዋሱ። ፎንቱ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ የላቲን ፊደል በሚታይበት ቦታ የግዕዝ ቅርጽ ያሳያል። ቦታው ስለማይበቃም አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፍለው አስቀመጡ፤ አንዳንዶቹም እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅጥያ ተጠቀሙ። ሰነዱ በዓይን ሲታይ አማርኛ ነው፤ በኮምፒውተሩ ማኅደር ውስጥ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ነው። በተጨማሪም እያንዳንዱ አምራች የራሱን አመዳደብ ስለተከተለ፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም።

በዚሁ ወቅት በኢንተርኔት የሚጻጻፉ ኢትዮጵያውያን ሌላ መንገድ ቀየሱ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት አማርኛን በአስኪ ፊደላት፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሳይምታታ ወደ ነበረበት እንዲመለስ አድርጎ የሚጽፍ ነው። ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል ለ«ት» እና ለ«ጥ» መለያ ሆነው አገለገሉ። ሴራ መልኩን ትቶ ማንነቱን ያዘ፤ የፎንቶቹ ዘዴ ደግሞ ማንነቱን ትቶ መልኩን ያዘ። ሁለቱንም የሚያሟላ መፍትሔ ዓለም አቀፍ ስምምነትን ይጠይቅ ነበር።

የ1999 ስምምነት

ዩኒኮድ ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጥር የመስጠት ዓላማ ይዞ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተነሣ። የመጀመሪያው ዕትም በ1991 ሲወጣ ግዕዝ አልነበረበትም። ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው የተሳተፉበት ረጅም ዝግጅት ፍሬ ያፈራው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ ዓመት በወጣው ሦስተኛ ዕትም ግዕዝ ከክሜር፣ ከሲንሃላና ከሞንጎሊያ ጽሕፈቶች ጋር አብሮ ገባ። 384 ቦታ ተሰጠው፤ በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶች ቁጥር አገኙ። ኋላም በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ለጉራጊኛ፣ ለብሊን፣ ለጉሙዝና ለሌሎችም ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ።

አንድ መሠረታዊ ውሳኔ ላይ እናተኩር። የህንድ አገር ጽሕፈቶች በዩኒኮድ ሲገቡ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ቁጥር አላቸው። ለግዕዝ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሙሉ ሆኖ የራሱን ቁጥር አገኘ። በጽሕፈት መኪና የተቀጣጠለው ፊደል እዚህ ወደ ሙሉነቱ ተመለሰ ማለት ነው። ገበታውም አልፈረሰም። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ተከታታይ ቦታ ተሰጠ፤ ሰባቱ ለሰባቱ ሆሄያት፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉ ዲቃሎች።

በአምባራስ እንፈትነው። ሀ 4608 ነው፤ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 እያለ በስምንት ስምንት ይሄዳል። አምባራስ የሚለው ስም በዚህ መሠረት 4768፣ 4637፣ 4707፣ 4651፣ 4661 ሆኖ ይቀመጣል። የ«ባ»ን ቁጥር 4707ን ለስምንት አካፍሉ፤ ቀሪው 3 ነው። ቀሪው 0 ሲሆን ግዕዝ፣ 1 ሲሆን ካዕብ፣ 2 ሲሆን ሣልስ፣ 3 ሲሆን ራብዕ ነው። ከ4707 ላይ 3 ብትቀንሱ 4704 ታገኛላችሁ፤ ይህም «በ» ነው። በሁለትዮሽ 4707 ማለት 1001001100011 ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች 011 ራብዕ መሆኑን ይናገራሉ። የኔታ በግቢያቸው «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» እያሉ የሚያስቈጥሩት ሥርዓት በቢት ደረጃ ተጠብቆ ይገኛል። የአማርኛን ርባታ የሚመረምር ፕሮግራም ፊደልን ወደ ቤቱ ለመመለስ አንድ ማካፈል ብቻ የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥር ማግኘት ግን ወዲያውኑ በእጅ መግባት ማለት አልነበረም። ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ለገበያ የቀረበው በ2007 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ብዙ መሥሪያ ቤቶች በለመዱት የቀድሞ ፎንት መጻፋቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያም በኋላ ያልተዉት ነበሩ። ስለዚህ የቁጥር አልባው ዘመን በ1999 አላበቃም።

የዘገየ የሚከፍለው

ሰንጠረዡ ውስጥ መግባትም ቢሆን እኩል መሆን አይደለም። ዛሬ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው አጻጻፍ በ1992 እ.ኤ.አ. በኬን ቶምሰንና በሮብ ፓይክ የተነደፈ ነው። ከአስኪ ጋር እንዲስማማ ተብሎ ለእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ ለግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ባ» 225፣ 137፣ 163 በሚሉ ሦስት ባይቶች ይጻፋል። አምባራስ በግዕዝ አምስት ፊደል ሆኖ 15 ባይት ሲፈጅ፣ በላቲን ሰባት ፊደል ሆኖ 7 ባይት ይፈጃል።

በሞባይል አጭር መልእክት ልዩነቱ ወደ ገንዘብ ይለወጣል። አንድ መልእክት 140 ባይት ይይዛል። ይህ በሰባት ቢት የላቲን አጻጻፍ 160 ፊደል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት በሚጠይቀው በግዕዝ 70 ብቻ ነው። የአማርኛ ቃል በግዕዝ ሲጻፍ ማጠሩ ጉዳቱን ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም፤ አምባራስ ያለ ክፍተት በላቲን 22 ጊዜ፣ በግዕዝ 14 ጊዜ ይገባል። ወጣቱ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደው ፊደሉን ንቆ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት ቢያጤኑት መልካም ነው።

ስሜን ወይስ ሰሜን

አሁን በእጃችን ወዳለው ችግር እንለፍ። ተራሮቻችን ስሜን ይባላሉ። በብዙ ሰነድ ግን «ሰሜን ተራሮች» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። የመጀመሪያው 4661፣ 4636፣ 4757 ነው፤ ሁለተኛው 4656፣ 4636፣ 4757። አንባቢ ከአገባቡ ይረዳል፤ ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ የቁጥር ድርድሮች አድርጎ ይለያቸዋል። በአንዱ የፈለገ በሌላው የተጻፈውን አያገኝም።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ፀሐይ የሚለውን ስም ድምፁን ሳንለውጥ በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ እንዲሁም በ«ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ልንጽፈው እንችላለን፤ ሁለት ጊዜ ስድስት፣ ዐሥራ ሁለት አጻጻፍ ይሆናል። አንዲት ሴት በመሬት ይዞታ መዝገብ በአንዱ፣ በጤና ጣቢያ ካርድ በሁለተኛው፣ በመታወቂያዋ በሦስተኛው ተጽፋ ከሆነ፣ በኮምፒውተር ፊት ሦስት ሴቶች ናት። መብቷን ለማስከበር ስትመጣ «ስምሽ አልተገኘም» የምትባለው በመዝገቡ ሳትኖር ቀርታ ሳይሆን ቁጥሩ ስላልገጠመ ሊሆን ይችላል። ይህ ጉዳይ የሰውን መብት የሚነካ ነውና የቋንቋ ሊቃውንት ክርክር ብቻ አድርገን ልንተወው አንችልም።

መፍትሔው ሞክሼዎቹን ከመዝገብ ማጥፋት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ብናደርግ የወጣችውን ፀሐይ ሌባ እናደርጋታለን። የተሻለው መንገድ ማስቀመጥንና መፈለግን መለየት ነው። ሰነዱ በተጻፈበት ፊደል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ፍለጋው ሲካሄድ ብቻ ሞክሼዎቹ እንደ አንድ ይታዩ። ስሜንና ሰሜን ግን ሞክሼ ስላልሆኑ በዚህ ሕግ አይታረቁም፤ ለእነርሱ የአካባቢ ስሞች በሙሉ አጻጻፋቸው የተመዘገቡበት መዝገብ ያስፈልጋል። አምባራስን የመሰለ፣ የማዕረግም የመንደርም ስም ሆኖ ያገለገለ ቃል ሲያጋጥም ደግሞ ፊደሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ስለሚለያይ መዝገቡ ይህንንም መለየት አለበት።

ምን እናድርግ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት፣ ለኮምፒውተር ጽሑፍ ማለት ሰዎች የተስማሙበት ቁጥር እንጂ ቅርጽ አለመሆኑ ነው። ስምምነቱ ከመድረሱ በፊት የጻፍነው ሁሉ ቅርጹን ብቻ ይዞ በየዲስኩ ተቀምጧል። የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የምርምር መጠይቆች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ ከሽማግሌዎች ተሰብስበው በኮምፒውተር የተገለበጡ ትረካዎች በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ነጋሪዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ብራና በአግባቡ ከተያዘ ብዙ መቶ ዓመታት ይቈያል፤ የእነዚህ ፋይሎች ዕድሜ ግን የአንድ ፎንት ዕድሜ ያህል ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ በቀድሞ ፎንት የተጻፈ ፋይል ስታገኙ ዋናውን አትንኩ፤ ቅጂውን ብቻ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ፤ ውጤቱንም ፊደል በፊደል በዓይናችሁ አስተያዩ። ሁለተኛ፣ የፎንቱን ስምና የሶፍትዌሩን ዓይነት ከፋይሉ ጋር መዝግቡ፤ እርሱ ከጠፋ የላቲኑ ድርድር የሚፈታበት ቁልፍ ጠፋ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ መረጃ ስትሰበስቡ ስምን በአንድ ወጥ አጻጻፍ ያዙ፤ ሰውየው በራሱ ሰነድ ላይ የሚጠቀምበትን ፊደል ጠይቁት። መምህራንም የመመረቂያ ሥራ ርእስ ስንሰጥ እነዚህን ፋይሎች ማዳን እንደ አንድ የምርምር መስክ ብንቈጥረው ሥራው የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ጊዜው ግን እያጠረ ነው።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።